እናቴ ተቀምጣ «ሰው የለም» ያለው ቴርሞስታት፦ የሰባት ወር ተጠቃሚ ነኝ

ይህን የቤት ሂተር የሚቆጣጠር ቴርሞስታት የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ከ200 ዶላር በላይ አውጥቼበታለሁ። ስለ መልኩና ስለ አፑ ብዙ የምለው የለኝም፤ እስከ ገና ድረስ ምንም አልበደለኝም፣ የሂተሩን ቢልም ትንሽ ቀንሶልኛል። የምጽፈው ጥር ላይ ስላደረገው ነገር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ብቻዬን ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ። ሻጩ «ቤት ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን ራሱ ያውቃል፤ ስትወጪ ሂተሩን ይቀንሳል፣ ስትመጪ ቀድሞ ያሞቅልሻል» ሲለኝ ለእኔ የተሠራ መሰለኝ። ያለውም እውነት ነበር። ከገና በኋላ ግን እማዬ ከአዲስ አበባ መጣች።

እማዬ ጠዋት ዳዊቷን ትደግማለች። ሳሎን ጥግ ያለው ሶፋ ላይ ትቀመጥና ዳዊቱን ስትጨርስ መቁጠሪያዋን ትይዛለች። አንዴ ከተቀመጠች አትነቃነቅም። ልጅ ሆነን በዚያ ሰዓት እሷ ፊት ማለፍ እንኳ አንደፍርም ነበር።

በመጣች በስድስተኛው ቀን ሥራ ቦታ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ማታ ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ብርድ ነው። እማዬ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ፣ ከላይ የእኔን ጃኬት ደርባ ተቀምጣለች። እጇን ስይዘው ጣቶቿ ደርቀዋል።

«እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ልንገርሽ ልጄ? ያገሩ ብርድ ነው ብዬ ነው እንጂ። አንቺ ልትመጪ ስትይ ደሞ ይሞቃል።»

ይቺ የመጨረሻዋ ንግግሯ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ ልመጣ ስል ይሞቃል። ስልኬ ወደ ሰፈር ሲቃረብ ማሽኑ በሎኬሽን ያውቅና ቤቱን ያሞቃል። ስለዚህ በየማታው የምገባው ሞቅ ያለ ቤት ነው፤ እሷ ቀኑን እንዴት እንደዋለች የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ባትሪዬ ባያልቅ ኖሮ እስከምትሄድ አላውቅም ነበር።

ስልኬን ቻርጅ አድርጌ የአፑን ታሪክ ከፈትኩ። ስድስቱም ቀን አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ «ሰው የለም»፣ ከ70 ወደ 60 ፋራናይት። በእኛ አቆጣጠር ከ21 ወደ 15 ተኩል ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ «ሰው አለ» ይላል፤ እማዬ ምሳዋን ልታሞቅ በኮሪደሩ ስታልፍ ማለት ነው። ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች። ከተቀመጠች ሁለት ሰዓት ሳይሞላት እንደገና «ሰው የለም»።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታቱ ያለው ኮሪደር ላይ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው ሙቀት ያለው አካል ከፊት ለፊቱ ሲንቀሳቀስ ነው። ከሱ እይታ ውጭ ያለ፣ ወይም ፊቱ ሆኖ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ለሱ ከሶፋው አይለይም። ሁለተኛው ማስረጃው የእኔ ስልክ ነው። እንቅስቃሴ ከሌለ፣ ስልኩም ከራቀ፣ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ይደመድማል። ማሽኑ የሚያውቀው «አላየሁም» የሚለውን ብቻ ነው። የሚናገረውና የሚፈርደው ግን «የለም» ብሎ ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው እናቴ ስድስት ቀን ሲበርዳት የከረመችው።

ይህ አዲስ ችግር ቢሆን እሺ እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ፣ በኦሊቬቲ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ባጅ ነበር። በየ15 ሴኮንዱ በዓይን የማይታይ የብርሃን (የኢንፍራሬድ) ምልክት ይልካል፤ ስልክ ሲደወልላቸው ያሉበት ክፍል ድረስ እንዲተላለፍ። ያ ስርዓት የሚያውቀው ባጁ የት እንዳለ ነው እንጂ ሰውዬው የት እንዳለ አይደለም። የእኔም ቴርሞስታት የሚያውቀው ስልኬን ነው። ከባጁ ሠሪዎች አንዱ ሮይ ዋንት፣ ከቢል ሺሊትና ከኖርማን አዳምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 አውድን፣ ማለትም ሰው ያለበትን ሁኔታ፣ ስለሚያነቡ ኮምፒውተሮች ሲጽፉ ሦስት ነገር አስቀምጠው ነበር፦ የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ፣ በአካባቢህ ምን አለ። ከማን ጋር ነህ! ይሄ ከ30 ዓመት በፊት ተጽፏል። የእኔ ማሽን ግን አንዴም «እንግዳ አለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ሻጩ ይህን ቢሰማ የሚለኝን አውቃለሁ። «እህቴ፣ እንግዳ ሲመጣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ማጥፋት ነበረብሽ።» ራሱ ያውቃል ብለህ አይደል እንዴ የሸጥክልኝ? «ለእናትሽም አፑን ብትጭኚላት።» እናቴ በገዛ ልጇ ቤት ለመሞቅ አፕ መጫን አለባት? «መቶ በመቶ ትክክል የሆነ ሴንሰር የለም።» ልክ ነህ፣ የለም። ስለዚህ ነው ስህተቱ ማንን እንደሚጎዳ ቀድሞ ማሰብ የሚገባው። ባዶ ቤት ውስጥ «ሰው አለ» ብሎ ቢሳሳት የሚጎዳኝ ጥቂት ዶላር ነው። ሰው ያለበትን «የለም» ሲል ግን አንዲት አሮጊትን ብርድ ይመታታል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም፣ ማሽኑ ግን እኩል አድርጎ መዘናቸው። ሲጠራጠር ማሞቅ ነበረበት፤ ወይም ስልኬ ላይ አንዲት መልእክት ልኮ መጠየቅ። አይከብድም።

በራዳር የሚሠሩ ሴንሰሮች አሉ፤ ሰው ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እንኳ ይለያሉ። የቤተሰብ ቤት ከሆነ፣ ሽማግሌ ካለ፣ ቀን የሚተኛ የማታ ሠራተኛ ካለ፣ እንደዚያ ያለውን ፈልጉ። ይሄኛውን አልመክርም። ብቻችሁን የምትኖሩና እንግዳ የማይመጣባችሁ ከሆነ ይሠራላችኋል። ግን የእኛ ሰው ቤት እንግዳ የማይመጣበት መቼ ነው?

መልሼ ልሸጠው አስቤ ነበር። እስካሁን ግድግዳው ላይ አለ፣ ራሱ የሚወስንበትን ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ 70 ላይ ነው። ቢሉ ከመግዛቴ በፊት ወደነበረበት ተመልሷል፣ እከፍላለሁ። አፑ በየሳምንቱ «በራሱ የሚቆጥበውን ላብራልሽ?» እያለ መልእክት ይልካል። ትናንት ማታም ላከ። እማዬ አጠገቤ ነበረች፤ ምንድነው ስትለኝ አነበብኩላትና አይሆንም የሚለውን ተጫንኩት።