ለዘር ፈሳሽ አለርጂ፦ ኮንዶም ወይስ ሰውነትን ማላመድ?

ከግንኙነት በኋላ ብልቷን ያቃጥላታል፣ ያሳክካታል፣ ያብጣል። ብዙ ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል። ኢንፌክሽን ነው ተብለው መድኃኒት ሲቀያይሩ የሚከርሙ ሴቶች አሉ። ነገሩ ግን በዘር ፈሳሹ ውስጥ ላለ ፕሮቲን የሚነሳ አለርጂ ሊሆን ይችላል። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከታማኝነትም ጋር አይገናኝም።

ቀላሉ መንገድ ኮንዶም ነው። ፋርማሲ ውስጥ አይጠፋም። ፍንጭም ይሰጣል፦ በኮንዶም ጊዜ ምልክቱ ጭራሽ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደዚህ አለርጂ ያዘነብላል። ይህን ለሐኪሟ ትንገር። በኮንዶምም ካቃጠላት ላቴክሱ (ኮንዶሙ የተሠራበት ጎማ) ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከፖሊዩረቴን፣ ማለትም ከፕላስቲክ ዓይነት፣ የተሠራው ይሞከራል።

ማላመዱ ከበድ ይላል። የባሏ ዘር ፈሳሽ በጣም ተበርዞ ብልቷ ውስጥ ይደረጋል። ከዚያ በየ20 ደቂቃው ገደማ እየወፈረ ይሄዳል፣ ያልተበረዘው እስኪደርስ ድረስ። ይህ የሚሠራው የአለርጂ ሐኪም ባለበት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ አደራ! ከተሳካም በኋላ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ያለ ኮንዶም መገናኘት ያስፈልጋል። ከተቋረጠ አለርጂው ሊመለስ ይችላል። ባልየው ለሥራ ርቆ የሚከርም ከሆነ እንግዲህ አስቡት።

እኔ በኮንዶም መጀመሩን እመርጣለሁ። ልጅ ቢፈለግስ? አለርጂው በራሱ መካን አያደርግም፤ ዘሩ ከፈሳሹ ታጥቦ ማህፀን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ራሷን ካዞራት ግን ምርጫው ይቆይ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።