የጆሮ ቴርሞሜትሩ እና ያቺ ሌሊት

ይህን የጆሮ ቴርሞሜትር የገዛሁት ልጄ 9 ወሯ ሳለ ነው። ፍጥነቱ ግሩም ነው፤ ጢጥ ይላል፣ አለቀ። ተኝታ እያለችም እለካታለሁ።

ቁጥሩን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። አንድ ሌሊት ቀኝ ጆሮዋን ስለካ 38.4፣ ግራውን 37.3 አለኝ። ክው አልኩ። ለካ በቀኝ ጎኗ ተኝታ ጆሮዋ ፍራሹ ላይ ሲሞቅ ቆይቶ ነው! አሁን አገላብጬ፣ ትንሽ ጠብቄ ነው የምለካው። ኩክ ካለ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አትግዙት፤ የጆሮ ቀዳዳቸው ጠባብ ነው። በብብት የሚለካው ተራው ዲጂታል ይሻላል። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ከደረሰ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ድምፁ አይጠፋም። እሷ ትተኛለች፣ አባቷ ይነቃል።