ፋሮን ወይስ ላምብ? ስምንት ወንበር የቀረው ፓርቲ

የብሪታንያ ሊበራል ዴሞክራቶች እ.ኤ.አ. በ2010 ምርጫ 57 የፓርላማ ወንበር አግኝተው ነበር። በ2015 የቀራቸው 8 ብቻ። የእኛ ሚኒባስ ታክሲ ያለ ትርፍ ይጭናቸዋል። መሪው ኒክ ክሌግ በማግስቱ ለቀቁ። ለቦታው ቲም ፋሮንና ኖርማን ላምብ ቀረቡ።

ሁለቱን የለያቸው በዋናነት በፓርላማ የሰጡት አንድ ድምፅ ነው። የፓርቲው እጩዎች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን እንቃወማለን ብለው ፈርመው ነበር። ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር መንግሥት ሲመሠርቱ ግን የክፍያው ጣሪያ ወደ 9,000 ፓውንድ ወጣ። ፋሮን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፣ ላምብ ደገፉ። ተማሪው ይህን አልረሳም።

ላምብ ሥራ ያውቃሉ። ከ2012 እስከ 2015 በጤና ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆነው የአእምሮ ሕክምና ከሌላው ሕክምና እኩል እንዲታይ ታግለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ አገር አስተዳድር ቢባል እኔ የምመርጠው እሳቸውን ነው።

የወደቀ ፓርቲ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ነው። ፋሮን በ2005 ፓርላማ የገቡት በ267 ድምፅ ብልጫ ነበር። በ2010 ልዩነቱን ከ12,000 በላይ አደረሱት። ይሄ ቀልድ አይደለም።

አባላቱም ፋሮንን በ56.5 በመቶ መረጡ። ላምብ 43.5 አገኙ። የፋሮን ደካማ ጎን ሌላ ቦታ ነበር፦ ወንጌላዊ ክርስቲያን ናቸውና ጋዜጠኞች ስለ ግብረ ሰዶም ደጋግመው ወጥረው ያዟቸው። በ2017 ወንበሩን 12 ቢያደርሱም፣ እምነቴና መሪነቴ አብረው አልሄዱም ብለው ለቀቁ።