ልብ ሲደልቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፦ ለደብረ ማርቆሷ ሲስተር ምስጋና

በሽተኛው ከባጃጅ ተደግፎ ይወርዳል። ደረቱን ይዞ "ልቤ ልትፈነዳ ነው፣ ልሞት ነው" ይላል። ከንፈሩ ደንዝዟል፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል። ስድስት ሰባት ሰው ከቦታል። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይደቅናል፣ ሌላው ውኃ ይረጫል፣ የቀረው ሁሉ "አይዞህ! አይዞህ!" እያለ ይጮኻል። ይህ ብዙ ጊዜ ፓኒክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን እህታችን የአእምሮ ጤና ነርሷ በዚህ ሁሉ መሀል ገብታ የምትሠራው ሥራ ነው። በሙያው ያለን ሰዎች ስለሆንን የምታደርገው ነገር ዋጋው ይገባናል። እግዜር ይስጥልን ብለን ብቻ ከምናልፍ፣ ለሌላውም እንዲጠቅም ዘርዘር አድርገን ልናስቀምጠው ወደድን። ስሟን አንጽፍም፤ እሷም አትወድም።

መጀመሪያ ሰው ትቀንሳለች። በሽተኛው የሚቀርበው አንድ ዘመድ ይቀራል፣ ሌላው ደጅ ይወጣል። ክብሪቱንም ታስጥላለች፤ ጭሱ አስም ያለበትን ሰው ይብስ ያፍነዋልና። ከዚያም "ጭንቀት ነው" ብላ አትቸኩልም። ከሁሉ በላይ የምናከብርላት ይህን ነው። የልብ ምቱን፣ ደም ግፊቱን፣ ጣት ላይ በሚሰካው መሣሪያ ኦክስጅኑን፣ በአንድ ጠብታ ደም ስኳሩን ታያለች። አንገቱን ትዳስሳለች፤ እንቅርት ኖሮ ሆርሞኑ ከበዛ ልክ እንዲህ ልብ ያስደልቃል፣ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጣ ደም ማነስ እንዳለ ትፈትሻለች። ስኳሩ ወርዶ ከተገኘ መድኃኒቱ ስኳር ነው እንጂ ምክር አይደለም። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ፣ ዳገት ሲወጣ የሚብስበት፣ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ የልብ ምርመራ ሳይነሣ አትለቀውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው ዋናው ሥራዋ የሚጀምረው። የጣቱ መሣሪያ 94 ወይም 95 ሲያሳይ ቁጥሩን ወደ በሽተኛው ታዞርለታለች። "አየር አጣሁ አልከኝ አይደል? ይኸው፣ አየር አለህ" ትለዋለች። ሐሰት አይደለም። ፓኒክ የያዘው ሰው የሚጎድለው ኦክስጅን ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ፍርሃቱ ቶሎ ቶሎ በኃይል ያስተነፍሰዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከደሙ ተጠርጎ ይወጣል። ያኔ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች ይጠባሉና ራስ ይዞራል፤ በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም ሚዛን ይዛባና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ጣት ይታጠፋል። ሰውየው የታጠፈ ጣቱን ሲያይ "ሽባ ልሆን ነው" ብሎ አብዝቶ ይፈራል፣ አብዝቶም ይተነፍሳል። እንግዲህ "በደንብ ሳብ! ረጅም ትንፋሽ ውሰድ!" ብሎ መጮኽ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

የእሷ ዘዴ በሚወጣው ትንፋሽ ይጀምራል። በሽተኛው ጀርባውን አስደግፎ፣ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ይቀመጣል። አንድ እጁ ደረቱ ላይ፣ አንዱ እምብርቱ ላይ። በቅድሚያ ውስጡ ያለውን ቀስ ብሎ ያወጣል። ቀጥሎ በአፍንጫው እስከ አራት እየተቆጠረ ትንሽ ትንፋሽ ያስገባል፤ ከፍ የሚለው የሆዱ እጅ ነው፣ የደረቱ ዝም ማለት አለበት። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አጥብቦ እስከ ስድስት ያወጣል። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ይሆናል። አራት ከከበደው በሦስት አስገብቶ በአራት እያወጣ ይጀምር፤ ማውጫው ከማስገቢያው ይርዘም እንጂ ቁጥሩ ግዴታ አይደለም።

ቁጥር ለሚጠፋበት ሰው ያላት ብልሃት ደግሞ የአገራችን ነው። "በእንተ እግዝእትነ ማርያም መሐረነ ክርስቶስ" የሚለውን በሚወጣው ትንፋሽ ላይ በዝግታ አንዴ ማለት ስድስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል። መቁጠሪያ የያዙ እናቶች በየፍሬው አንድ ትንፋሽ እያሉ ሲቀጥሉ ጣታቸው ቀስ በቀስ ሲፈታ ይታያል። ሙስሊሙም በዚክሩ እንዲሁ ያደርገዋል። ከመቁጠሪያው ጋር ዓይንና እጅንም ሥራ ታስይዛለች፦ የሚታዩ አምስት ነገሮች፣ የሚዳሰሱ አራት፣ የሚሰሙ ሦስት፣ የሚሸተቱ ሁለት፣ የሚቀመስ አንድ። የጋቢውን ዘርፍ አንድ በአንድ መዳሰስም ይበቃል። ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ ማበስ ደህና ነው፤ በድንገት መርጨት ግን ያስደነግጣል።

የሚበላሸው የት ነው? ብዙው ሰው ሦስት ጊዜ ተንፍሶ "አልሠራልኝም" ይላል። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። ሌላው በየሰከንዱ የልብ ምቱን እየዳሰሰ ፍርሃቱን ያድሳል። ፌስታል አፍ ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ ሕመሙ የልብ ወይም የአስም ሆኖ ቢገኝ ሊገድል ይችላል። "አሁኑኑ ይሂድልኝ" ብሎ መታገልም ያከርመዋል። ጥቃቱ ጫፍ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ይረግባል። ስለዚህ በእጇ ሰዓት ይዛ "እየወጣ ነው፣ እዚያ ደርሶ ይወርዳል" እያለች አብራው ትተነፍሳለች። በዝግታ፣ በአንድ ድምፅ። ዘመዱንም ይህንኑ ታስተምረዋለች፤ ሌሊት ቤት ውስጥ ቢነሣበት ሲስተሯ አጠገቡ አትኖርምና።

በዚህ መሀል ከደጅ "መርፌ ይወጋ እንጂ!" የሚል ድምፅ አይጠፋም። እሷ ደግሞ በትሕትና እምቢ ትላለች፤ ልክም ናት። ዲያዜፓም የሚባለው የሚያረጋጋ መርፌ ሥራውን እስኪጀምር ጥቃቱ በራሱ እየበረደ ነው። በሽተኛው ግን "መርፌው አዳነኝ" ብሎ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ መርፌ የሚተርፍ አይመስለውም፣ እያደርም ልማድ ይሆንበታል። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብ ምት የሚያዘገይ ኪኒን ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥም አለ፤ አስም ላለበት አደገኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የብዙ ሳምንት ሥራ ነው። አንዴ አውቶቡስ ላይ የያዘው ሰው ከእንግዲህ አውቶቡስ አይወጣም፤ ቅዳሴ ላይ የያዘው ከቅጽሩ ውጭ ይቆማል፤ ፍርሃቱም በሽሽቱ ይወፍራል። ወደ አዲስ አበባ መሄድ ላቃተው ሰው መንገዱን ትከፋፍልለታለች። መጀመሪያ መናኸሪያ ውስጥ በቆመ ሚኒባስ ላይ 10 ደቂቃ መቀመጥ። ከዚያ እስከ ሉማሜ ሄዶ መመለስ። ከዚያ ደጀን። የመጨረሻው ደረጃ የዓባይ በረሃ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲጀመር ሙቀቱ ራሱ ልብን ስለሚያስመታ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ውኃ ይዞ፣ "ይህ ሙቀት ነው" ብሎ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በየደረጃው ፍርሃቱ ሳይወርድ ከመኪና መውረድ የለም፤ ሲጨንቀው ከወረደ ልምምዱ ከንቱ ይሆናል።

ቡናንም ትጠይቃለች። አቦል ትበቃለች፤ ቶናና በረካ ለጊዜው ይቅሩ። ጫት ይቁም። አረቄ ያመሸበት ሰው ጠዋት ላይ እንደሚብስበት ቀን እያሰላች ታሳየዋለች።

ጥቃቱ እየተመላለሰ "መቼ ይመጣብኝ ይሆን" የሚለው ሥጋት ወር ከሞላው፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቁነጥነጥ ሊጨምር ይችላልና ይህን ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ቀን ይጥለዋል። እሷ አስቀድማ ትናገራለች። ጸበል ለሚሄደውም "ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒኑንም ዋጥ" ትላለች እንጂ አታጣላውም። በዚህ ጉዳይ ለጎጃም ሰው ከዚህ የተሻለ አነጋገር የለም።

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ።

ደብረ ማርቆስ ላልሆናችሁ፦ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስትደርሱ "የአእምሮ ጤና ነርስ አለ ወይ?" ብላችሁ ሙያውን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። ከሌለ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልና በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሪፈር ጠይቁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። በቁራጭ ወረቀት ላይ ደግሞ ጥቃቱ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደጠጣችሁ ጻፉ። ሲይዛችሁ አጠገባችሁ የነበረ አንድ ሰውም አብሯችሁ ይምጣ።