እናቴን ይዤ ካቦት ትሬልን ያዞረችኝን እህት ላመስግን፣ ለናንተም ልጠቁም

ሰላም ለሁላችሁም። እናቴን ይዤ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ ሄደን፣ ካቦት ትሬልን ዞረን በሰላም ተመልሰናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄን የምጽፈው ጉዞውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሰናዳችልን እህት በሰው ፊት ምስጋናዬን ለማድረስ ነው፣ እናንተም እንድታውቋት። ስሜን አታውጣው ስላለችኝ አልጽፈውም። ሃሊፋክስ የምትኖር አበሻ ናት፣ ለሰው የጉዞ ፕላን ታወጣለች፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝና ስልኳን በውስጥ እሰጣችኋለሁ፣ እሱን ፈቅዳልኛለች።

ለማያውቀው፣ ካቦት ትሬል በኬፕ ብሬተን ደሴት ሰሜኑን ክፍል የሚዞር 298 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ባህሩና ተራራው ተጣብቀው ነው ያሉት፣ መንገዱ ደግሞ በመሀላቸው እየወጣ እየወረደ ይሄዳል፣ ሲሶው ያህል በ1936 የተከለለው የኬፕ ብሬተን ሃይላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ኦክቶበር ገባ ሲል ሜፕል የሚባለው ዛፍ ይቀላል፣ በርች የሚባለው ቢጫ ይሆናል፣ ጋራው በሙሉ ይለወጣል። እናቴ ገና ስታየው «ይሄማ አደይ የለበሰ የመስከረም ጋራ ነው» ነው ያለችው፣ እኔም ከዛ የተሻለ መግለጫ የለኝም።

እናቴ ጎጃም ተወልዳ ጎጃም ያደገች ናት፣ የምታውቀው ባህር ጣና ነው። ልትጠይቀን ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፣ «ዳር የሌለውን ባህር አሳየኝ» አለች። እኔም ለሷ የሚገባትን ላድርግ ብዬ ተነሳሁ። እዚህ ጋ ነው መከራው የጀመረው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም እግዚአብሔር ይይላቸው፣ ዲፖዚት በደቂቃ ውስጥ ተቀበሉኝ፣ ከዛ በኋላ ግን ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ስደውል «እንመለስልሃለን» ነው፣ ኢሜይል ብልክ መልስ የለም። በመጨረሻ የላኩልኝ ፕላን ጠዋት ፔጊስ ኮቭ፣ ከሰአት ሉነንበርግ፣ ማታ ኬፕ ብሬተን ገብታችሁ ታድራላችሁ ይላል። ፔጊስ ኮቭና ሉነንበርግ ከሃሊፋክስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ናቸው፣ ኬፕ ብሬተን ደግሞ በተቃራኒው ወደ ሰሜን ምሥራቅ! ከሃሊፋክስ ብቻ እንኳን ተነስታችሁ ኬፕ ብሬተን ላይ ያለችው ባዴክ ከተማ ለመድረስ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ከዞርን በኋላ ሌሊት፣ ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘን መንገድ ላይ በሚቆምበት ሰዓት፣ እናቴን ጭኜ እንድነዳ ነው የፈለጉት። ይሄ እንዴት ይሆናል ብዬ ስጠይቅ «ሌሎች ደንበኞች ቅሬታ የላቸውም» አሉኝ። ዲፖዚቱን ለማስመለስ የተከራከርኩትን አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል፣ ግማሹን ብቻ ነው የመለሱልኝ።

ሁለተኛው ሰውዬ ደግሞ ጨዋ ይመስል ነበር፣ ንግግሩ ማር ነው። ግን የእናቴን እድሜ ስነግረው «ለእንደዚህ አይነት ሰው አውቶብስ ይሻላል፣ አንተም ራስህን አታስቸግር» አለኝ። እንደዚህ አይነት ሰው! እናቴ እኮ ናት። የያዘልን ማረፊያ ደግሞ ታንክስጊቪንግ ከሚሉት የምስጋና በዓል በኋላ የሚዘጋ ሆኖ ተገኘ፣ እኛ ደግሞ የምንሄደው ከዛ በኋላ ነበር። እዛ አካባቢ በዓሉ ከሚውልበት ከኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ በኋላ ብዙ ሞቴልና ምግብ ቤት ለክረምቱ በሩን ይዘጋል፣ ይሄን ደግሞ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ማወቅ ነበረበት። እኔ ቤቱ ጋ ደውዬ ባላጣራ ኖሮ እናቴን በብርድ ማታ የተዘጋ በር ላይ ይዣት እቆም ነበር።

እና ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው የቤተክርስቲያን ጓደኛዬ ይቺን እህት የጠቆመችኝ።

ስደውልላት ስለ ገንዘብ አላወራችም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እማማ ጉልበታቸው እንዴት ነው?» ብላ ነው። ቀጥላ መኪና ያዞራቸዋል ወይ፣ ከፍታ ይፈራሉ ወይ፣ የጽጌን ጾም ይጾማሉ ወይ። በናታችሁ፣ ከዛ በፊት ይሄን ማን ጠይቆኝ ያውቃል! የጽጌ ጾም መስከረም 26 ነው የሚገባው፣ ጉዟችን ጾሙ ውስጥ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ግዴታ ባይሆንም ከልጅነቷ ጀምሮ ትታው አታውቅም። የባህር ዳርቻ ምግብ ቤት ማለት ሎብስተርና አሳ ነው፣ ሌላው ቅቤና ክሬም። እሷ ግን ማድቤት ያለው ጎጆ ብቻ መርጣ ያዘችልን፣ ሽሮና በርበሬ ከቤት ይዛችሁ ኑ፣ አትክልቱን ባዴክ ሳትደርሱ ግዙ፣ ወደ ሰሜን ስትወጡ ሱቅ እየራቀ ነው የሚሄደው አለችኝ። እናቴ ኬፕ ብሬተን ላይ ባህሩን እያየች ሽሮዋን ስታማስል ማየት፣ እኔ ይሄን በምን ልከፍል እችላለሁ?

ከፍታ ትፈራለች ወይ ላለችኝ ደግሞ፣ አዎ ገደል አይሆንላትም አልኳት። ዝም አለችና «እንግዲያው በሰዓት አቅጣጫ ነው የምትዞሩት» አለች። አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ካናዳ መንገድ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ በተቃራኒው ከዞራችሁ መኪናው በባህሩ በኩል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የሚሄደው፣ ብዙ ቱሪስት ለእይታው ብሎ እሱን ይመርጣል። በሰዓት አቅጣጫ ከሄዳችሁ ግን በተራራው በኩል ታቅፋችሁ ትሄዳላችሁ፣ ባህሩ ከማዶ ይታያል እንጂ እግራችሁ ስር አይሆንም። ፍሬንች ማውንቴንንና ማኬንዚ ማውንቴንን ስንወጣ ስንወርድ እናቴ አንድ ጊዜ እንኳን አይኗን አልጨፈነችም። ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ በመስኮት እያየች፣ እያመሰገነች ነው ያለፈችው። በአንዲት ጥያቄ ጉዞውን ሙሉ ገለበጠችው፣ እናቴም ከፍርሃት ወጣች። ሙያ ማለት ይሄ ነው ለኔ።

ግን ከሁሉም በላይ የማልረሳው የባዴኩን ነው።

ባዴክ አድረን በማግስቱ በምዕራቡ ባህር ዳርቻ ወዳለችው ሼቲካምፕ ልንሄድ ነበር። ከሰአት ላይ ደወለች። «ወንድሜ ነገ እንዳትንቀሳቀሱ» አለችኝ። ሼቲካምፕ አካባቢ ከተራራው ወርዶ ወደ ባህሩ የሚመታ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ አለ፣ የአገሩ አካዲያኖች፣ ማለትም ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ፣ ሌ ስዌት ነው የሚሉት፣ ቅጠል ከሚረግፍበት ወቅት፣ ከፎል ጀምሮ ነው የሚበረታው፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። የአየር ትንበያውን አይታ ነው የደወለችው። ስለ ግፊቱ ስለ ምኑ አስረድታኛለች፣ ያ ለባለሙያው ይቅር። እኔ የያዝኩት ይሄን ነው፣ ከመደወሏ በፊት ከሼቲካምፕ ጎጆ ባለቤት ጋር ተነጋግራ ቀናችንን ያለ ቅጣት አሸጋግራለች፣ ባዴክ ያረፍንበትም ቤት አንድ ለሊት እንዲጨምሩልን አድርጋለች። እኔ ስልኩን ሳነሳ ሁሉም አልቆ ነበር! ገንዘቧን ከተቀበለች ቆይታለች እኮ፣ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ማታ ላይ ደግሞ እንደገና ደወለች፣ እናቴን አቅርብልኝ ብላ «እማማ አይስጉ፣ ነፋሱ ያልፋል» አለቻት። በማግስቱ ሼቲካምፕ ያሉት ባለቤት ስልክ ሲያወሩን ነፋሱ እንዴት እንዳደረገ ሰማን፣ እናቴ ስልኩን ስዘጋ አማተበች።

ያን የተረፈንን ቀን ባዴክ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤልን ሙዚየም አየን። ስልክ የፈለሰፈው ሰውዬ እዛ ነው የኖረው፣ በ1922 ሲሞትም እዛው ከማዶ ያለው ጋራ ላይ ነው የተቀበረው። ለእናቴ ስነግራት ቆማ «ነፍሱን ይማረው፣ ልጆቼን የማገኘው በሱ ነው» አለች። እኔ ወጥቼ ትንሽ አየር ወሰድኩ። አምስት ልጅ ወልዳ አምስታችንም በስልክ ነው የቀረንላት፣ አባቴም ካረፈ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ድምፅ ማለት ስልክ ነው። ይሄን ለምን እዚህ እንደምጽፈው እንጃ፣ ግን ያቺ እህት ያን ቀን ባታድነው ያን ቃል አልሰማውም ነበር።

ሌላም አለ። እኔ ስካይላይን የሚባለውን ዝነኛ የእግር መንገድ ሰምቼ ስለነበር ፕላን ውስጥ አስገቢልን ብያት ነበር። ደርሶ መልሱ 6.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ መጨረሻው ባህሩ አፋፍ ላይ ደረጃ ነው፣ ለእማማ ጉልበት አይሆንም ብላ በትህትና ተወችው፣ በሱ ፋንታ ሎን ሺሊንግ የምትባል የጫካ የእግር መንገድ አስገባችልን። አጭር ናት፣ ዛፉ ግን እስከ 350 ዓመት የደረሰ ሜፕል ነው፣ ከላይ ቀይና ወርቃማ፣ ከታች ቅጠሉ ምንጣፍ። እናቴ አንዱን ዛፍ በእጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዛ በኋላ በምሥራቁ በኩል ግሪን ኮቭ በእንጨት መተላለፊያ ባህሩ አፍ ድረስ ገባን፣ ዳር የሌለውን ባህር እዛ ነው በቅርብ ያየችው። ማዕበሉ አለቱን ሲመታ እጇን ዘርግታ «ስምህ ይመስገን» ብቻ ነው ያለችው፣ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ትንንሹን ነገር ሁሉ አስባበታለች። የት ነዳጅ እንደምሞላ፣ የት ኔትወርክ እንደሚጠፋ ነግራኝ ስለነበር ካርታውን ቀድሜ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር የሄድኩት። ጀምበር ሳትጠልቅ ማረፊያችሁ ግቡ፣ ሙሱ ሲመሽ ነው የሚወጣው ብላ በየቀኑ መድረሻ ሰዓታችንን ጽፋልናለች። መጸዳጃ ቤት የት የት እንዳለ ሳይቀር! ትልቅ ሰው ይዞ የተጓዘ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ወላጅ የመጣላችሁ፣ ሕፃን ልጅ ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ በየቢሮው የተንገላታችሁ፣ ይቺን ሰው ያዟት። በፎል መሄድ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ አትዘግዩ። ኦክቶበር ላይ ሴልቲክ ከለርስ የሚባል ዘጠኝ ቀን የሚቆይ የሙዚቃ በዓል አለ፣ ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረጋል፣ እሱ ሲገባ ደሴቱ ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይዘጋጋል። እሷ እንደምትለው በጋው ሳያልቅ ነው መያዝ ያለበት። ብዙ ሰው በአንዴ አትይዝም፣ ለያንዳንዱ ቤተሰብ ጊዜ ስለምትሰጥ፣ ቀድማችሁ ደውሉላት። ዋጋዋም ያ ዲፖዚቴን ከበላው ቢሮ ያነሰ ነው፣ ሥራዋ ግን አይገናኝም።

እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽው፣ እናቴ አገር ቤት ስትመለስ ስልክ ቁጥርሽን በደብተሯ አስጽፋ ነው የሄደችው፣ ለገና ልደውልላትና ልመርቃት ብላለች። ቁጥሩ ከኢትዮጵያ ሲመጣ እንዳትዘጊባት፣ አንሺላት።