ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ነርስ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ለምትኖሩና የስኳር ሕመም ያለበት ቤተሰብ ላላችሁ ሁሉ፣ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ክፍል የሚያገለግሉትን ሲስተር ከልብ እያመሰገንሁ ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። እናቴ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ሲስተር የስኳር ማነስን ያስተማሩት ግን እርሷን ብቻ ሳይሆን አብረናት የምንኖረውን ሁሉ ነው።

ምክንያታቸውን ሲያስረዱን፣ አንጎል በዋናነት የሚሠራው ከደም በሚያገኘው ስኳር በመሆኑ፣ ስኳሩ በጣም ሲወርድ ታማሚው ራሱ ማገናዘብ እንደሚያቅተው፣ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» እያለ እንደሚቆጣና ንግግሩም እንደሚምታታ ነገሩን። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብና የዓይን ብዥታ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው፤ ሌሊት ደግሞ አንሶላ የሚያርስ ላብና ቅዠት ይኖራል። ሲስተር እናቴን በጥሞና ጠይቀው፣ የእርሷ ቀዳሚ ምልክት ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ችፍ የሚል ላብ መሆኑን ለይተው ነገሩን።

ይህ ትምህርት የጠቀመን እናቴ አንድ የጾም ቀን መድኃኒቷን ተወግታ ቅዳሴው በረዘመባት ጊዜ ነው። ጠዋት የምትወጋው ኢንሱሊን ከተወጋች 4 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እየበረታ ስለሚሄድ፣ ምግብ ሲዘገይ ስኳር ይወርዳል። ታናሽ ወንድሜ ላቧን አይቶ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረውን ስኳር ፈትቶ በውኃ በጥብጦ አጠጣት፤ በነጠላ ጫፍ መቋጠሩም የሲስተር ምክር ነበር። ቤት ደርሰን ስንለካት ወደ ደህናው መጠን ተመልሳ ነበር።

መለኪያው ከ70 ሚሊግራም በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ምልክቱ ከታየ፣ 15 ግራም ገደማ ፈጣን ስኳር መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ነው። ስኳር የሌለው ለስላሳ አይረዳም፤ ቸኮሌትም ቅባቱ ስለሚያዘገየው አይመረጥም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተለክቶ ካልተስተካከለ ይደገማል፤ ከተስተካከለ በኋላም ቀጣዩ ምግብ የሚዘገይ ከሆነ እንጀራ ወይም ዳቦ መብላት ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ምንም ነገር በአፉ ሊደረግለት አይገባም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት ሊያንፈራግጥ ስለሚችል፣ የሚጥል በሽታ መስሎን ክብሪት ለማሽተት ስንሯሯጥ ውድ ጊዜ እንዳናባክን ሲስተር አጥብቀው አሳስበውናል።

በተለይ የማከብራቸው እናቴን ስለ ጾሟ ባለመገሠጻቸው ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የንስሐ አባቷን እንድታማክር፣ ለሐኪሙም ቀርባ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዲታይላት በትሕትና መከሯት። የሮመዳን ጾም ለሚጾሙ ታካሚዎችም አስቀድመው እንዲመጡ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ወረፋው ረጅም ሆኖ ሳለ ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል ጊዜ መስጠት ቀላል አይደለም፤ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ወደ እርሳቸው የምትሄዱ ሁሉ የክትትል ካርዳችሁን፣ በቤት የለካችሁትን ውጤት የጻፋችሁበትን ደብተርና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ያዙ፤ ከተቻለም ሌሊት አጠገባችሁ የሚያድር ሰው አብሯችሁ ይግባ።