ዓሣው የታወቀ፣ እንግሊዝኛው ያልለየለት፦ በጣና ዳር ስላለ አንድ ምግብ ቤት

በባሕር ዳር፣ የዘንባባው ጎዳና ወደ ሐይቁ በሚያዘነብልበት ወገን፣ ወንበሮቹ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቁ አንድ ምግብ ቤት አለ። በጥቅምት ወር ሦስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ መጀመሪያ ብቻዬን ለምሳ፣ ቀጥሎ ጣናን ለመጎብኘት ከመጡ ሁለት እንግዶች ጋር ለምሳ፣ በማግሥቱም ከእነዚሁ እንግዶች ጋር ለቁርስ። ከእንግዶቹ አንዷ ከአሜሪካ፣ ከጆርጂያ ግዛት የመጣች ስትሆን ሌላው ከሰሜን እንግሊዝ፣ ከሊድስ ከተማ የመጣ ነው። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው የማነሣው ነቀፌታ የዚህ ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው፤ በአስጎብኚነት ሥራዬ በሐይቁ ዳር ካየኋቸው የእንግሊዝኛ ሜኑዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ወጥ ቤቱ የሚሠራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሜኑው እንግሊዝኛ ግን ግማሹ የአሜሪካ፣ ግማሹ የብሪታኒያ፣ አንዳንዱም የማንም ያልሆነ ነው።

ከዓሣው ልጀምር፤ ወደዚህ ቤት የሚያስኬደው እርሱ ነውና። ሙሉ ቆሮሶ ሲታዘዝ ዓሣው ግራና ቀኝ በቢላ ተተልትሎ፣ በጋለ ዘይት ተጠብሶ፣ ጭራው ጥርስ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ደርቆ፣ ወደ አጥንቱ ያለው ሥጋ ግን ርጥበቱን እንደያዘ ይቀርባል። ከጎኑ ሎሚ፣ አዋዜና እንጀራ ይመጣሉ፤ ዳቦ የሚሻ ሰውም ቢጠይቅ አይከለከልም። ብቻዬን በሄድሁበት ቀን ይህን በልቼ፣ ከውኃው ላይ ታንኳዎች ሲመለሱ እያየሁ፣ በምግቡ ላይ አንድም ቅሬታ ሳይኖረኝ ወጥቻለሁ። ጉላሹ ቲማቲም ስለበዛበት የዓሣው ጣዕም ይደበቃል፤ የአምባዛውን ጥብስ ግን ለሥጋ ወዳጆች እንኳ አመለክታለሁ። የአማርኛው ሜኑ እነዚህን ሁሉ በየስማቸው ስለሚጠራቸው የታዘዘውና የሚቀርበው አይለያዩም።

ችግሩ የሚጀምረው ገጹ ሲገለበጥ ነው። እንዲያውም ከእንግዶቹ ጋር በሄድንበት ቀን ሜኑው ሳይገለጥ ነበር የጀመረው። ቤቱ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ሰገነት ስላለው፣ በር ላይ ካለው ጽሑፍ ቀድቼ ለአሜሪካዊቷ «ፈርስት ፍሎር እንጠብቅሻለን» የሚል መልእክት ላክሁላት። እኔና እንግሊዛዊው ሰገነቱ ላይ፣ እርሷ ደግሞ ምድር ላይ ሆነን ሃያ ደቂቃ ያህል ተጠባበቅን። በብሪታኒያ አንደኛ ፎቅ የሚባለው ከምድር ወለል በላይ ያለው ነው፤ በአሜሪካ ግን ከመንገድ ተገብቶ የሚረገጠው ወለል ራሱ አንደኛ ይባላል። ሕንፃን ሁሉ «ጂ ፕላስ ቱ»፣ «ጂ ፕላስ ፎር» እያልን የምንቆጥር እኛ በዚህ ጉዳይ ከብሪታኒያ ወገን ስለሆንን፣ ጽሑፉ ለእኔ ምንም እንግዳ አልነበረም።

ከተገናኘን በኋላ እንግሊዛዊው «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» የሚለውን መረጠ። ይህ ምግብ በአገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓሦች ባንዱ፣ በኮድ ወይም በሃዶክ፣ ይሠራል፤ ዓሣው በዱቄት ሊጥ ተነክሮ ይጠበስና ወፍራም ሆኖ ከተቆረጠ ድንች ጋር ጨውና ኮምጣጤ ተደርጎበት ይበላል። የቀረበለት ግን አማርኛው ሜኑ በትክክል «የዓሣ ኮተሌት በድንች» ያለው ነው፤ ቆሮሶው በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ የተጠበሰ፣ ድንቹም እንደ ጣት የቀጠነ። እርሱ ቀጭኑን ድንች በአገሩም ቢሆን «ፍራይስ» እንደሚሉት፣ ቺፕስ ለመባል ውፍረት እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ኮተሌቱን ግን ምንም ሳያስቀር በላው፤ ኮምጣጤ ጠይቆ ሎሚ ሲመጣለትም ሎሚው እንደሚሻል በራሱ አንደበት መስክሯል።

የአሜሪካዊቷ ትዕዛዝ የበለጠ የተወሳሰበ ሆነ። ሜኑው ሾርባና ሰላጣውን «ኦንትሬ» በሚል ርዕስ ሥር ደርድሮታል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መግቢያ ማለት ነው፤ በፈረንሳይ ዛሬም ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርበውን ያመለክታል። በአሜሪካ ምግብ ቤቶች ግን ኦንትሬ ዋናው ምግብ ራሱ ነው፤ ብሪታኒያውያን «ስታርተር» የሚሉትን አሜሪካውያን «አፒታይዘር» ይሉታል። እንግዳዬም የዓሣ ሾርባውን ጥጋብ የሚሰጥ ትልቅ ሳህን ነው ብላ አዘዘች፤ ማጣፈጫ እንዲሆናትም ቺፕስ ጨመረች፤ በአገሯ ቺፕስ ማለት በከረጢት የሚሸጥ ስስና ደረቅ የድንች ጥብስ ነውና። የመጣላት በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የተቀዳ ሾርባና ትኩስ ድንች ጥብስ ነው። ያን ስሱንና ደረቁን ብሪታኒያውያን «ክሪስፕስ» ስለሚሉት በእነርሱ ዘንድ ግራ መጋባት አይፈጠርም። አስተናጋጇንም ልወቅሳት አልችልም፤ በአማርኛችን ቺፕስ ማለት በሳህን የሚቀርበውም ነው፣ በላስቲክ ታሽጎ በየመንገዱ የሚሸጠውም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። የሚገርመው ግን ዓሣው ከጎኑ ሲሆን አሜሪካውያንም የብሪታኒያውን ስም ሳይለውጡ «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» ማለታቸው ነው። ያም ሆነ ይህ ጠረጴዛችን ድንች በድንች ሆኖ፣ ሴትዮዋ በመጨረሻ ከእኔ ቆሮሶ ተካፍላ በላች።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ያጋጠመን ደግሞ ከምሳው የባሰ ነው። በእንግሊዝኛው ሜኑ «ቢስከት ዊዝ ጄሊ» የሚል ሰፍሯል፤ አሜሪካዊቷ ይህን ስታነብ ፊቷ በራ። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ቢስከት ማለት ከዱቄት፣ ከቅቤና ከአሬራ ተቦክቶ፣ በእርሾ ፈንታ በቤኪንግ ፓውደር ተነፍቶ የሚጋገር፣ ለስላሳና ጨው ጨው የሚል ትንሽ ዳቦ ነው፤ በቅቤ ወይም ቋሊማ በገባበት ነጭ ስጎ ይበላል። የመጣላት ከሱቅ የተገዛ ጣፋጭ ብስኩት፣ በትንሽ ሳህን ዙሪያ እንደ አበባ ተደርድሮ፣ መካከሉ ላይ ማርማላታ ተደርጎበት ነው። ብሪታኒያውያን ብስኩት ሲሉ ልክ እኛ እንደምንለው ደረቁን ጣፋጭ ማለታቸው ስለሆነ፣ እንግሊዛዊው ሳቀባት። ሳቁ ግን አልቆየለትም፤ «ጄሊ» በእርሱ አገር በጄላቲን የሚረጋ፣ በማንኪያ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ፣ ብዙ ጊዜ በልጆች ልደት የሚቀርብ ጣፋጭ በመሆኑ፣ በማለዳ ከብስኩት ጋር ምን እንደሚሠራ ሊገባው አልቻለም። በአሜሪካ ጄሊ ማለት ከፍራፍሬ ጭማቂና ከስኳር ተፈልቶ የረጋ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ነው።

እዚህ ላይ የእኛው ቃል ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። ማርማላታ ከጣሊያንኛ የወረስነው ስም ሲሆን እንጆሪም ሆነ ብርቱካን፣ ከማንኛውም ፍራፍሬ የተሠራውን እንጠራበታለን፤ የዚሁ ቃል ዘመድ የሆነው የእንግሊዝኛው ማርማሌድ ግን ብርቱካንንና መሰሎቹን ብቻ ይመለከታል። ሜኑውን የተረጎመው ሰው ማርማላታን ማርማሌድ ብሎት ቢሆን ኖሮ እንጆሪ መሆኑን ያየ እንግሊዛዊ ሌላ ጥያቄ ባነሣ ነበር፤ ጄሊ ማለቱም እንዳየነው አላዳነውም። ስለ ብስኩት ሌላ አንድ ነገር ብል አይከፋም፦ አሜሪካውያን ጣፋጩን «ኩኪ» የሚሉት ከደች ቋንቋ በተወረሰ ቃል ነው፤ የዛሬዋ ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. እስከ 1664 ድረስ የደቾች ይዞታ ነበረች።

የአትክልቱ ገጽ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም። ደበርጃንን አንድ ቦታ በብሪታኒያው «ኦበርጂን»፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ በአሜሪካው «ኤግፕላንት» ብሎ ጽፎታል፤ አንባቢ ሁለት የተለያዩ አትክልቶች ይመስሉታል። የድንብላል ቅጠልም እንዲሁ አንዴ «ኮሪያንደር»፣ አንዴ ከስፓኒሽ በመጣው «ሲላንትሮ» ተጠርቷል። ብሪታኒያውያን ከጎረቤታቸው ከፈረንሳይ፣ አሜሪካውያን ከጣሊያንና ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ቃል መውሰዳቸው ከልዩነቱ ከፊሉን ፈጥሯል፤ እኛ ዝኩኒ የምንለውን አሜሪካኖች «ዙኪኒ»፣ ብሪታኒያውያን «ኩርጄት» ማለታቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። በዝኩኒ ጉዳይ እንግዲህ ከአሜሪካ ጋር ነን።

መጠጡ የተሻለ ነበር። «ለሞኔድ» ተብሎ የተጻፈው ሎሚ በውኃና በስኳር የተበጠበጠ ነው፤ አሜሪካዊቷ የጠበቀችው ይህንኑ ስለነበር ደስ አላት፤ ለእንግሊዛዊው ግን ለሞኔድ ማለት ቀለም የሌለው፣ ጋዝ ያለበት ለስላሳ ነው፣ ስለዚህ ስፕራይት አስመጣ። ሻይ ላይ ሁለቱም ልማዳቸውን ይዘው መጡ። እርሷ በጆርጂያ ልማድ በስኳር የጣፈጠ ቀዝቃዛ ሻይ በበረዶ ፈለገች፤ ሜኑው ላይ ባይኖርም አስተናጋጇ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበትን ትኩስ ሻይና በረዶ የሞላ ብርጭቆ ለየብቻ አምጥታ «እንደፈለጉ ያድርጉት» አለቻት፤ የሠመረ መፍትሔ ነበር። እርሱ የፈለገው ጥቁር ሻይ ላይ ጠብ የምትደረግ ቀዝቃዛ ወተት ነው፤ የመጣለት ደግሞ ወተቱ የበዛ ትኩስ ሻይ በወተት። ጠጣው፣ አላማረረም። ከመውጣታችን በፊት ግን «ቲ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» ብሎ አስተናጋጇን ጠየቃት፤ በሊድስና በአካባቢው «ቲ» የሚሉት የምሽቱን ምግብ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አላገኘሁም።

«ሻይማ ሁልጊዜ አለ» አለችው፤ ይህም ትክክለኛ መልስ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ የሁለቱ አገር ልማድ ቦታ ተለዋወጠ። በሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ዋጋው የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማያካትት ተጽፏል። በብሪታኒያ 20 በመቶ የሆነው ይኸው ታክስ በሜኑው ዋጋ ውስጥ ተጠቃልሎ ስለሚጻፍ፣ እንግሊዛዊው ድምሩ ከቆጠረው ሲበልጥ ስሕተት አለ ብሎ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። አሜሪካዊቷ ግን የሽያጭ ታክስ በመጨረሻ ሲደመር ስለለመደች ቁብ አልሰጣትም። ጉርሻ ላይ ደግሞ እርሷ 20 በመቶ አስባ አስቀመጠች፤ በአገሯ ጉርሻ ተቀባይ ለሆኑ ሠራተኞች አሠሪው እንዲከፍል የፌዴራል ሕግ የሚያስገድደው ዝቅተኛ ክፍያ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ በሰዓት 2.13 ዶላር ላይ ስለቆመ፣ ጉርሻው ከደመወዙ ይቆጠራል። እርሱ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ እንደሆነ ፈለገ፤ በለንደን ብዙ ቤቶች 12.5 በመቶ ራሳቸው ይደምራሉ። እኔ እንደ አገሬ ልማድ መልሱን ትቼ ተነሣሁ።

ስንወጣ የቤቱ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት፣ ምግቡ እንዴት እንደነበረ ጠየቁን። ስለ ሜኑው የታዘብሁትን በትሕትና ስነግራቸው አልተቀየሙም፤ «ታዲያ ልጄ፣ የማንን እንግሊዝኛ ላጽፍ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ያልጠበቅሁት ስለነበር ጥቂት አሰብሁ። ቺፕሱም፣ ብስኩቱም፣ ፎቁም በአፋችን ላይ ያሉት እንደ ብሪታኒያው ስለሆነ እርሱን ቢይዙ አስተናጋጆቹም አይቸገሩም አልኋቸው፤ «ኦንትሬ» የሚለውን ግን ከነጭራሹ እንዲያወጡት፣ በየመስመሩም ሥር ምግቡ ከምን እንደተሠራ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲያስጽፉ ለመንኋቸው። ቆሮሶን «ናይል ቲላፒያ» እያሉ በትልቁ ከሚጽፉት ቆሮሶ ብለው ጽፈው ማብራሪያውን ከሥር ቢያደርጉት ይሻላል፤ እንግዳው ሁለተኛ ቀን ሲመጣ በስሙ ጠርቶ ያዝዘዋልና። የዘጌን ቡና ሜኑው ላይ ጨርሶ አለማስፈራቸውንም ነገርኋቸው፤ በጀበና ከቤቱ ደጃፍ ላይ በየቀኑ ይፈላል፣ እንግዶቼም ያገኙት በመዓዛው ተመርተው ነው።

ሜኑው ታርሞ እስኪወጣ ድረስ የውጭ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው የአማርኛውን ገጽ እያነበበ ራሱ ቢያስረዳ ይሻለዋል። ከውኃው አጠገብ ያሉት ወንበሮች ከሰገነቱ ይበልጣሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቼ፣ ረቡዕና ዓርብ ቆሮሶው ከሰባት ሰዓት በፊት እንደሚያልቅ አስተናጋጇ ስለነገረችኝ በእነዚህ ቀናት ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል።